ስለ ጋራ የሥራ ቤት፤ ደጁ ለማን ይከፈታል?

ሥራ የግል ቢሆንም የሚሠራበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ገበሬ ማሳው የራሱ ሲሆን በደቦና በወንፈል ከጎረቤቱ ጋራ ያርሳል፤ ልብስ ሰፊ መኪናው የራሱ ሲሆን ከሙያ ጓደኛው ጋራ በአንድ በረንዳ ይቀመጣል፤ የቅኔ ተማሪም የሚዘርፈው ቅኔ የራሱ ሲሆን ጎጆውን ከጓደኞቹ ጎጆ አጠገብ ይቀልሳል። በዚህ ዘመን ደግሞ ሥራቸውን በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎች የጋራ የሥራ ቤት አበጅተዋል። በዚያ ቤት ሒሳብ ያዡ፥ ተርጓሚው፥ የሕንፃ ንድፍ ሠሪው፥ እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን ይዞ ይገባል፤ የወንበሩን፥ የመብራቱንና የኢንተርኔቱን ኪራይ በቀን ወይም በወር ይከፍላል። እንዲህ ያለው ቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በብዙ ሀገር ቅርንጫፍ ያለው የትልቅ ኩባንያ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የሀገሩ ሰዎች በገዛ ሰፈራቸው ያቆሙት ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ? የሚለው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሰው የሚሠራበትን ቤት ሲመርጥ ከማን ጋራ እንደሚውልና ለማን ባልንጀራ እንደሚሆን አብሮ ይመርጣልና፥ ነገሩ የምግባር ጥያቄ ነው።

ለቡለን ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ይመስል ይሆናል። ቡለን በመተከል የምትገኝ፥ ሺናሻው፥ ጉሙዙ፥ አማራው፥ ኦሮሞውና አገው አብረው የሚኖሩባት ወረዳ ናት እንጂ ትልቅ ኩባንያ ቅርንጫፍ የሚተክልባት ከተማ አይደለችም። ይሁን እንጂ ልጆቿ ለትምህርትና ለሥራ ወደ አሶሳና ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ በዚያ ሳሉ ወይም ተመልሰው በገዛ ከተማቸው አንድ ክፍል በጋራ ሊከራዩ ሲያስቡ ጥያቄው ይደርስባቸዋል። ልዩ ልዩ ሕዝብ በአንድነት በሚኖርበት ሀገር ደግሞ ጥያቄው ይልቁን ይከብዳል።

አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ ማየት ይገባል። የተሰናዳ ቢሮ ለነጋዴ ማከራየት የቆየ ንግድ ነው፤ ሬገስ የተባለው ኩባንያ ይህን ሥራ በብራስልስ ከተማ የጀመረው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ነው። በጋራ የመሥራትን ስም የያዘው ቤት ግን በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ኮምፒዩተር ዐዋቂ፥ በብራድ ኒውበርግ ተከፈተ። እርሱ የፈለገው የራስ ጌታ ሆኖ የመሥራትን ነፃነትና ከሰው ጋራ የመዋልን ደስታ በአንድነት ለማግኘት ነበር። መጀመሪያ ላይ ወደ ቤቱ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን ጠረጴዛውን ዘርግቶ ጠበቀ። በሀገራችንም በ2011 በአዲስ አበባ አይስአዲስ ተመሠረተ፤ በ2017 ደግሞ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የተቋቋመው ብሉሙን ተከተለ፤ አዲስ ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶችም መሰብሰቢያ ሆኑ።

ከትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅግ ስመ ጥር የሆነው በ2010 በኒውዮርክ የተመሠረተው ዊወርክ ነው፤ የስሙም ትርጓሜ «እኛ እንሠራለን» ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሕንፃውን ከባለቤቱ ለብዙ ዓመት ይኰናተራል፤ ከዚያም በየወንበሩ ከፋፍሎ ለአጭር ጊዜ መልሶ ያከራያል። በጥር ወር 2019 ዋጋው 47 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ስሙን «ዊ» ብሎ ለማሳጠር ሲነሣ፥ ያ ቃል የመሥራቾቹ የግል ንብረት ሆኖ ተመዝግቦ ነበርና፥ ለቃሉ 5.9 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአክሲዮን ድርሻ እንዲከፈላቸው ተደረገ፤ ሕዝብ ባጕረመረመ ጊዜ ግን ተመለሰ። «እኛ» የሚለው ቃል ሰሙ ማኅበር ሆኖ ወርቁ ገንዘብ ሲሆን የታየበት ጊዜ ይህ ነው። በኋላ ተላላፊው በሽታ በ2020 ሰውን ከየቢሮው ባስወጣ ጊዜ የወንበሩ ተከራይ በወሩ ሲሄድ የሕንፃው ኪራይ ዕዳ ግን ቀረ፤ በኅዳር 2023 ኩባንያው ለኪሳራ ፍርድ ቤት እጁን ሰጠ። በ2024 ከኪሳራው ወጥቶ ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ በእነዚያ ይሠሩ የነበሩትም ሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ከዚህ ተነሥቶ ትልቁ ሁሉ ክፉ፥ ትንሹም ሁሉ ደግ ነው ማለት ግን የችኮላ ፍርድ ነው። ለትልቁ ቤት የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። ዋጋው ተጽፎ በግልጥ ይታያል፤ ለወዳጅ አይቀንስም፥ ለባዕድም አይጨምርም። ገቢውን ሰው «የማን ልጅ ነህ? ሀገርህ ወዴት ነው?» ብሎ አይመረምርም። ይህ እንዴት ያለ ታላቅ ነገር እንደ ሆነ፥ ስለ ትውልዱ ከደጅ የተመለሰ ሰው ያውቀዋል።

የሰፈሩ ቤት ምስጋና ደግሞ ሌላ ነው። ሦስት ቀን የቀረ ሰው በዚያ ይጠየቃል። የታመመ ሲሆን ሄደው ያዩታል፤ ያዘነ ሲሆን ከእርሱ ጋራ ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ የወሩን ኪራይ ያጣ ሲሆን እስኪያገኝ ይታገሡታል። ኪራዩም ለጎረቤት ይተርፋል፤ ቡናውን የምታፈላው፥ ቤቱን የሚጠብቀው፥ ወንበሩን የሚጠግነው የሀገሩ ሰው ነው። በትልቁ ቤት የሰውየው አለመምጣት የሚታወቀው ክፍያው ሲቋረጥ ነው፤ በሰፈሩ ቤት ግን ወንበሩ ባዶ ሆኖ በታየበት ቀን ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ቤቶች ቍልፍ አላቸው። የትልቁ ቍልፍ ገንዘብ ነው፤ ድኻ ከደጁ ይቀራል። የትንሹም ቍልፍ ዝምድና የሆነ እንደ ሆነ እንግዳ ከደጁ ይቀራል። አንዱ ያለ ፍቅር ቅን ነው፤ ሁለተኛው ያለ ቅንነት አፍቃሪ ነው። ፈተናውም በዚህ ላይ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በዚህ ነገር ምሳሌ ይሆናል። እርሱ ድንኳን ሰፊ ነበር። ወደ ቆሮንቶስ በገባ ጊዜ፥ ከተማዪቱ የሀብታሞች ከተማ ስትሆን፥ ከአቂላና ከጵርስቅላ ዘንድ አደረ፤ ሙያቸው አንድ ስለ ነበረ አብረው ይሠሩ ነበር። አቂላና ጵርስቅላ ግን ንጉሡ ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ የተሰደዱ ነበሩ፤ እንግዳውን የተቀበለው የስደተኞች ቤት ነው ማለት ነው። ያው ሐዋርያ በኤፌሶን ሁለት ዓመት በጢራኖስ የትምህርት ቤት ሲያስተምር የሰው አዳራሽ ነው ብሎ አልናቀውም፤ በሮምም ሁለት ዓመት በተከራየው ቤት ሲቀመጥ ወደ እርሱ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ቤቱ አንድ ጊዜ የወዳጅ፥ አንድ ጊዜ የሌላ ሰው፥ አንድ ጊዜ የኪራይ ሆነ፤ የማይለወጠው ግን ደጁ መከፈቱ ነበር።

ይህን ለቡለን መናገር ቀላል አይደለም። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለው ስፍራ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በግፍ ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ወደ ቡለን ከተማ ተሰደደ። እንዲህ ያለ መከራ ካለፈም በኋላ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ፍርሀትን ትቶ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ሀገር የጋራ የሥራ ቤት የሚከፍቱ ወጣቶች፥ ቤቱ የአንድ ወገን ልጆች ብቻ የሚገናኙበት ቢሆን፥ ስሙ የጋራ ሆኖ ሥራው መለያየት ይሆናል። ዘር የሚጠይቅ የሰፈር ቤት፥ ገንዘብ ብቻ ከሚጠይቅ የባዕድ ቤት እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ ትልቁ ይሻላልን? ኩባንያው አያጣላም፤ ነገር ግን አያስታርቅም። የጉሙዙን ልጅና የሺናሻውን ልጅ፥ የአማራውንና የኦሮሞውን ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጣቸው ይችላል፤ አንዱ የሁለተኛውን ኀዘን ቢያውቅ ወይም ባያውቅ ግን የእርሱ ጕዳይ አይደለም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው የሰፈሩ ቤት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ይኸውም ከትልቁ ቤት ቅንነትን የተማረ እንደ ሆነ ነው።

ፍቅር ያለ ሥርዐት እንደማይጸና የቀደሙት አባቶች ያውቁ ነበር። አባ ጳኵሚስ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ መነኰሳትን በአንድ ቅጥር በሰበሰበ ጊዜ ሥርዐት ጻፈላቸው፤ አንድ ሙያ ያላቸውም በአንድ ቤት እንዲኖሩ አደረገ። ቋንቋቸው ግብፃዊ ያልሆነ እንግዶች በመጡ ጊዜ አልመለሳቸውም፤ ቋንቋቸውን ከሚያውቅ አለቃ ጋራ ቤት ሰጣቸው። በሀገራችን ገዳማትም በአንድነት ገዳም ንብረቱ የሁሉ ነው፤ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኵሴ የየራሱን ይዞ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛል። የጋራ የሥራ ቤት ከሁለተኛው ጋራ ይመሳሰላል፤ የየራስን ይዞ በአንድ ጣራ መገናኘት ነውና።

ስለዚህ በቡለንም ሆነ በአሶሳ እንዲህ ያለ ቤት የሚያቆም ሰው ዋጋውን ጽፎ በግድግዳ ይለጥፍ፤ ለዘመድም ለባዕድም አንድ ይሁን። የኪራዩ ገቢና ወጪ ለሚሠሩበት ሁሉ ይታይ፤ ቤቱን የሚያስተዳድረውም በየጊዜው ይለወጥ፤ ከአንድ ወገን ብቻም አይመረጥ። መክፈል ለማይችል ተማሪ አንድ ወንበር ይቀመጥ። የቀረ ሰው ይጠየቅ። ቤት መራጩ ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱን ከመፈተኑና ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት በዚያ ቤት ተቀምጠው ያሉትን ይመልከት፤ ከእርሱ ወገን ያልሆነ ሰው በመካከላቸው ሳይፈራ ተቀምጦ ሲሠራ ያየ እንደ ሆነ፥ ወንበሩ ቢያረጅም መብራቱ ቢቆራረጥም በዚያ ይግባ።