የትልሙ ዕዳና የስናሩ ዘር



ከአሰላ ተነሥተን ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ፣ የጭላሎን ተራራ በግራችን እያየን ሳጉሬ እንገባለን። በነሐሴ ወር ይህን መንገድ የሄደ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው ስንዴና ገብስ፣ አልፎ አልፎም ባቄላና ተልባ ነው። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «ካዱ» እያሉ የሚያነሡት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ካስለመደ ወዲህ፣ ስንዴ የዚህ ደጋ ዋና መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። በአንድ ክረምት ከሳጉሬ አካባቢ ገበሬ ጋር በማሳው ዳር ቆመን ስንነጋገር፣ ከስንዴው በላይ ዘለግ ብሎ በነፋሱ የሚወዛወዝ ነገር አየንና ምን እንደ ሆነ ጠየቅነው።

«ስናር ነው አባ» አለን። ቀጥሎም የስናርን ጠባይ አስረዳን። በቡቃያነቱ ከስንዴው ጋር ስለሚመሳሰል ልምድ ያለው ዓይን ካልሆነ በቀር አይለየውም። ከስንዴው ቀድሞ ይደርስና አጨዳው ሳይጀመር ዘሩን መሬት ላይ ያራግፋል። የወደቀው ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበቅልም፤ አንዳንዱ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዘንድሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የታረመ ማሳ ለከርሞ እንደ ገና ስናር ቢያበቅል፣ ገበሬው ሰነፈ ማለት አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ በኪራይ ከማሳ ማሳ የሚዞረው ኮምባይነር በሚገባ ሳይጠረግ የመጣ እንደ ሆነ፣ የጎረቤትን ስናር ይዞ ይገባል። «ታዲያ ተስፋ አትቆርጡም?» ብንለው፣ ጥያቄያችን አስገርሞት «ስናር በቀለ ተብሎ መሬት ይጣላል?» ሲል መለሰልን።

ይህን የምንጽፈው ስለ እርሻ ልናስተምራችሁ አይደለም፤ ይህንንማ እናንተ ለእኛ ታስተምሩናላችሁ። ነገር ግን የገበሬው መልስ ከልባችን ሳይወጣ አሰላ ድረስ አብሮን መጣ። ምክንያቱም በማሳው የማናደርገውን በነፍሳችን የምናደርግ ብዙዎች ነን።

በየዓመቱ በሕማማት ሰሞን ለምሥጢረ ንስሐ የሚሰለፈውን ሕዝብ ስናይ ደስ ይለናል። ሆኖም በሰልፉ ውስጥ የማናያቸውን እናስባለን። ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት ይመጡ የነበሩ፣ ዛሬ ግን በሩቅ ሰላምታ ሰጥተው የሚያልፉ አሉ። ቀርበን ስንጠይቃቸው ሃይማኖታቸውን የካዱ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ያፈሩ ናቸው። «ያንኑ ኃጢአት ስንት ጊዜ እናገራለሁ? ባለፈው ፋሲካ አልደግምም ብዬ ምዬ ነበር፤ ወር ሳይሞላኝ ደገምሁት። ከእንግዲህ እግዚአብሔርን አላታልልም» ይላሉ። ንግግሩ ትሕትና ይመስላል። ፍሬው ግን ሰውየውን በመጀመሪያ ከኑዛዜ፣ ቀጥሎ ከቅዱስ ቁርባን፣ በመጨረሻም ከእሑድ ቅዳሴ ማራቅ ነው። እኛ ካህናትም በዚህ ጉዳይ ያለ ጥፋት አይደለንም፤ ሰልፉ ሲረዝም እንቸኩላለን፤ በመድገሙ ያፈረውን ሰው አንድ የማጽናኛ ቃል ሳንሰጠው የምንሸኝበት ጊዜ አለ።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር የምታስተምረው ግልጽ ነው። የትሬንቶ ጉባኤ በ1551 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥጢረ ንስሐ ባወጣው ትምህርት ከንስሓ የሚጠበቁትን ሦስት ነገሮች ለይቶ አስቀምጧል፤ እነርሱም የልብ ጸጸት፣ ኃጢአትን መናዘዝና ካሣ ናቸው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1459 ላይ፣ ፍትሐት ኃጢአትን እንደሚያስወግድ፣ ነገር ግን ኃጢአቱ ያስከተለውን መበላሸት ሁሉ እንደማይጠግን ያስረዳል። እንግዲህ ካህኑ በክርስቶስ ሥልጣን ሲፈታን ኃጢአታችን በእውነት ይሰረይልናል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለም። ይሁን እንጂ ከስርየቱ በኋላ ሁለት ነገሮች ይቀሩናል። አንደኛው በሰው ላይ ያደረስነው ጉዳት ነው፤ ይህ ዕዳ ነው። ሁለተኛው በራሳችን ውስጥ የቀረው ልማድ ነው፤ ይህም በአፈር ውስጥ የተኛ የስናር ዘር ነው። ዕዳና ዘር በአንድ ዓይነት መንገድ አይወገዱም። ይህን ልዩነት ባለመለየታችን ብዙዎቻችን እንደክማለን።

ስለ ዘሩ ስናስብ ከኢትዮጵያዊው ቅዱስ ከሙሴ ጸሊም የተሻለ መምህር አናገኝም። መታሰቢያው በሀገራችን ሰኔ 24 ቀን ነው፤ የአርሲ ገበሬ ስንዴውን በሚዘራበት ወቅት ማለት ነው። በሮማ ሥርዓት ደግሞ ነሐሴ 22 ቀን (እ.ኤ.አ. ኦገስት 28) ከቅዱስ አውግስጢኖስ ጋር በአንድ ቀን ይታሰባል፤ እርሱም ከልማድ ጋር መታገል ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ አባት ነው። ሙሴ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር፤ በሌብነቱና በክፋቱ ከቤት ተባርሮ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በኋላ ንስሓ ገብቶ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ።

ብዙ ጊዜ ስለ ሙሴ ስንሰብክ እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ወንበዴ ነበር፣ ቅዱስ ሆነ፣ እንላለን። ጳላድዮስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ሙሴ ከመነኮሰ በኋላ የቀድሞው የሥጋ ፍላጎት ክፉኛ ተነሣበት፤ ምንኩስናውንም ሊተው ተቃርቦ ነበር። ወደ ታላቁ ኢሲድሮስ ሄዶ ጭንቀቱን ሲነግረው፣ አባ ኢሲድሮስ አልተቆጣውም፤ በምሳሌ አስረዳው እንጂ። ሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት መልቀም የለመደ ውሻ ልማዱን በአንድ ቀን አይተውም፤ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ የሚወረውርለት ሰው ሲያጣ ግን በረሃብ ተሰላችቶ ይሄዳል፤ አንተም እንዲሁ ነህና ጽና፣ የሚል ምክር ሰጠው። በእኛ ከተሞች ማለዳ በየሥጋ ቤቱ በር የሚጠብቁትን ውሾች ያየ ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ሙሴ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በበዓቱ መካከል ቆሞ ጸለየ። ፈተናው አልለቀቀውም። ስድስት ዓመት! እኛ በስድስት ሳምንት ተስፋ እንቆርጣለን። ቀጥሎም ሌላ ሥራ ጀመረ፤ በሌሊት እየወጣ በእርጅና ምክንያት ውኃ መቅዳት ወደማይችሉት መነኮሳት በዓት ይሄድና፣ ሳያውቁት እንስራቸውን እየሞላ ይመለስ ነበር። ውኃው ሩቅ ነበር። አንድ ሌሊት በጕድጓዱ አጠገብ ክፉኛ ተመትቶ ወደቀ፤ ለመዳንም አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት። ሰላም ያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኋላም ማዕረገ ክህነት ተቀበለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ በተለይ የምናስተውለው እንስራውን ነው። ሙሴ ወደ እግዚአብሔር የቀረበው ፈተናው ካለቀ በኋላ አይደለም፤ እየተፈተነ ለሽማግሌዎች ውኃ ሲቀዳ በነበረባቸው ሌሊቶች ነው። ስለዚህ በስካር ወይም በዝሙት ልማድ የተያዘ ወንድም «መጀመሪያ ልንጻና ከዚያ እመጣለሁ» ቢል፣ ነገሩን ገልብጦታል። ይምጣ፤ ይናዘዝ፤ ደግሞ ቢወድቅ ደግሞ ይምጣ። እስከዚያው ድረስ ሥጋ ቤቱን ይዝጋ፤ ይኸውም በደመወዙ ቀን በአረቄ ቤቱ በኩል አይለፍ፣ የሚያሳስተውን ጓደኛ ይራቅ፣ ኮምባይነሩን ሳያስጠርግ ወደ ማሳው አያስገባ። በአቅራቢያውም እንስራው የጎደለበት አንድ አሮጊት ወይም በሽተኛ አይጠፋምና ያገልግል።

ዕዳው ግን እንዲህ አይደለም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለበት በዚያው ቀን ቆሞ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ 19፥1-10)። ለከርሞ አላለም። የቀረጥ ሰብሳቢነት ልማዱ ከልቡ እስኪነቀል ስንት ጊዜ እንደ ወሰደበት ወንጌላዊው አልነገረንም፤ ዕዳው ግን በዚያው ቀን ተቆጠረ።

እዚህ ላይ በሳጉሬ አካባቢ የሆነ አንድ ነገር እናንሣ። በኑዛዜ የተሰማ አይደለም፤ በኑዛዜ የተሰማ ነገር ከካህን ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል እንጂ በመጽሔት አይወጣም። ባለ ጉዳዩ ራሱ በሽማግሌዎች ፊት የተናገረውና፣ ስሙ ሳይነሣ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን የፈቀደው ነው። ይህ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚያዋስነውን ድንበር በየዓመቱ በእርሻ ጊዜ አንድ ትልም ይገፋ ነበር። አንድ ትልም ምንም አይደለም፤ ማንም አያየውም። ዓመታት ሲያልፉ ግን ትልሞቹ ተደማምረው የድንበሩ ቍጥቋጦ በእርሱ በኩል ቀረ። ኅሊናው ሲወቅሰው ሊመልስ ወሰነ። ግን እንዴት? እንደ ወሰደው፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየቀነሰ፣ ማንም ሳያውቅበት። ሐሳቡን ሲያጫውተን መሳቃችን አልቀረም፤ ኋላ ግን ሳቃችን በራሳችን ላይ ሆነ። በስውር የወሰደውን በስውርና በዝግታ ሊመልስ ማሰቡ የእርሱ ብቻ ጠባይ ነውን?

እኛ ሁለቱን ነገሮች እናለዋውጣለን። ልማዳችን በአንድ ኑዛዜ እንዲነቀልልን እንፈልጋለን፤ ባይነቀል እንቆጣለን፣ እንጠፋለን። ዕዳችንን ግን ቀስ ብለን፣ ሲመቸን፣ ከተቻለም ሳንታይ ልንከፍል እንሻለን። ለቀን ሠራተኛው ያልከፈልነው የአጨዳ ዋጋ፣ በእህል በረንዳው ላይ በተዛባ ሚዛን የተቀነሰው ኪሎ፣ ከእድሩ ገንዘብ «እተካዋለሁ» ተብሎ የተወሰደው፣ ይህ ሁሉ ቀን ተቀጥሮለታል፤ ቀኑ ግን አይደርስም። የወሰድንበትን ሰው ካጣነው፣ ወራሾቹ አሉ፤ እነርሱም ከጠፉ፣ ድሆች አሉ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የሰው ስም ነው። በለቅሶ ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት የጠፋ ስም በካህን ጆሮ በመናዘዝ ብቻ አይመለስም፤ የዋሸ ሰው በጠፋበት ሥፍራ «ዋሽቻለሁ» ማለት ይገባዋል። ይህን ማድረግ የቻሉ ጥቂት ሰዎችን አይተናል፤ ከስብከታችን ሁሉ የእነርሱ አንድ ቃል ይበልጥ ሰውን ሲያስለቅስ ተመልክተናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ልጆችን ለመጀመሪያ ኑዛዜ ስታዘጋጁ የኃጢአትን ዝርዝርና ጸሎተ ንስሓን ታስጠናላችሁ፤ መልካም ነው። ከዚህ ጋር ግን አንድ ጥያቄ አስለምዷቸው፤ «የማን ነገር በእጄ አለ?» የሚል። የጓደኛውን እርሳስ የወሰደ ልጅ ከኑዛዜው በፊት እርሳሱን ቢመልስ፣ ሲያድግ ድንበር መመለስ አያቅተውም። በሌላ በኩል፣ ተቆጥቶ መሳደብ ልማድ የሆነበት ልጅ በየሳምንቱ ያንኑ ቢናገር፣ «አሁንም?» አትበሉት።

ወደ ሳጉሬው ሰው እንመለስ። በመጨረሻ በዝግታ መመለሱን ትቶ ሽማግሌዎችን ላከ። ጎረቤቱ ሙስሊም ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ንግግሩም በኦሮምኛ ሆነ። ሰውየው ተነሥቶ ሰባት ትልም እንደ ገፋ ተናገረ። ጎረቤቱ ጥቂት ዝም ብሎ «ዘጠኝ ነው» አለ። ለካ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ በየዓመቱም ይቆጥር ነበር። ሰውየው ሰባት ነው ብሎ ጥቂት ተከራከረ፤ በዕርቅ መካከል ጠብ ሊነሣ ምንም አልቀረውም ነበር። ሽማግሌዎቹ ከድሮው ቍጥቋጦ ጀምረው በገመድ ለኩ፤ ዘጠኝ ሆነ። በዳዩ የራሱን በደል ሲቆጥር ሁለት አጉድሏል፤ የተበደለው ግን አንድም አልሳተም። ይህን ካየን ወዲህ ማታ ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር፣ ባገኘነው ቍጥር ላይ ሁለት መጨመር ለምደናል።

ዘጠኙ ትልም በዚያው ቀን ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግንቦት ላይ በዚያ ስናልፍ ሰውየውን ሲያርስ አገኘነውና ቆመን ሰላምታ ሰጠነው። ማሳውን በአግድም እያረሰ ነበር። ከድንበሩ ሲደርስ በሬዎቹ አልታጠፍ አሉት፤ እንደ ድሮው ወደ ጎረቤት ማሳ ሊዘልቁ ሳቡ። ሞፈሩን ተጭኖ፣ በጅራፉ አስፈራርቶ በግድ መለሳቸው። ዘወር ብሎ አየንና ፈገግ አለ። «አልረሱትም አባ። እኔም አልረሳሁትም፤ እዚህ በደረስሁ ቍጥር ልቤ ይሄዳል» አለን። ቀጥሎም ቅዳሜ ለኑዛዜ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምንቀመጥ ጠየቀን። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው አልነው።