የሐኪሙ ዋጋ ከማን እጅ ይምጣ?

ስለ ቅዱሳኑ ወንድማማቾች ስለ ቆዝሞስና ድምያኖስ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚተረክ ታሪክ አለ። ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ፤ ካከሙት ሰው ምንም አይቀበሉም። አንድ ቀን ጳላድያ የተባለች ሴት ከደዌዋ ድና ሦስት እንቁላል ይዛ መጣች። በእግዚአብሔር ስም ብትማጸነው ድምያኖስ እንቢ ማለት አልሆነለትም። ቆዝሞስ ይህን ሲሰማ እጅግ አዘነ፤ ከወንድሙ ጎን እንዳይቀብሩትም ተናዘዘ። በእኛም ስንክሳር ኅዳር 22 ቀን ቆዝሞስና ድምያኖስ የተባሉ ሰማዕታት ይታሰባሉ።

በሰው ሕመም እንጀራ መብላት ነውር ነው ማለት ነው? መጽሐፈ ሲራክ እንዲህ አይልም። ምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ ጥበቡ ከእግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል፤ ከነገሥታት ስጦታ መቀበሉንም አይሸሽግም።

ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ክሊኒክ የከፈተ ሐኪም የቆዝሞስን መንገድ ልከተል ቢል ብዙ ሳይቆይ በሩ ይዘጋል። የቤት ኪራይ አለ፤ የነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ደመወዝ አለ፤ ግብርና የፈቃድ እድሳት አለ። የመመርመሪያ ኬሚካሉ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ሐኪሙ ለዓመታት የተማረው ልብና ሳንባ ማዳመጥ እንጂ ሂሳብ መዝገብ መያዝ አይደለም።

ይህ ሁሉ ችግር እውነት ነው፤ ኅሊናን የሚፈትነው ነገር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ይመጣል። ሐኪሙ ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ መንስኤው እንቅልፍ ማጣት መሆኑን ይረዳል። በሚቀጥለው ክፍል በባንክ ብድር የተገዛ ሲቲ ስካን ቆሟል፤ የወሩ ክፍያ ደርሷል። «ለጥንቃቄ እንየው» ማለት ቀላል ነው። ታካሚው አይከራከርም፤ በምን እውቀቱ? ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ሕክምናን ከሌላው ገበያ የለየው በዚህ ነው፦ ገዢው ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ሻጩ ራሱ ነው። ከእርሱ በፊት ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው ለቀዶ ሐኪም እግር በቆረጠ ቁጥር መክፈል እብደት መሆኑን ጽፎ ነበር።

እንግዲህ ክፉው ገንዘቡ አይደለም። የሐኪሙ ገቢ ከሚያዝዘው ምርመራ ጋር ሲታሰር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ይህን ቀድመው የተረዱ ነበሩ። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ባሠራው የመንሱሪ ሆስፒታል ሐኪሞቹ የሚከፈላቸው ከወቅፉ፣ ማለትም ለሆስፒታሉ በስጦታ ከተመደበው ንብረት፣ ገቢ ነበር፤ ሀብታሙም ድሃውም በነጻ ይታከም ነበር።

በዘመናችን ደግሞ ሕንድ ውስጥ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል አለ። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ጡረታ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1976 በማዱራይ ከተማ በ11 አልጋ ጀመሩት። የሚችል ይከፍላል፤ ያልቻለ በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ ይታከማል፤ የድህነት ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም። ሐኪሞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ የሚከፍለውንም የማይከፍለውንም ያክማሉ። ከውጭ የሚገባው የዓይን ሌንስ ሲወደድባቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሮላብ የተባለ ፋብሪካ አቋቁመው ራሳቸው ማምረት ጀመሩ። ሒሳቡን እያወራረደ የቆየ ተቋም ነው፤ ስለዚህ ቅን አሠራር ያከስራል የሚለው ሰበብ አይጸናም።

ደመወዝ ብቻውን መፍትሔ ነው ማለትም አይቻልም። በመንግሥት ሆስፒታል የሚያገኘው ቤተሰቡን የማያኖርለት ሐኪም ከሰዓት በኋላ ወደ ግል ክሊኒክ ቢሮጥ ማን ይፈርድበታል? የሚያኖር ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ታካሚው ሳይታመም በፊት የሚከፍልበት የጤና መድን መስፋት አለበት። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ ብዙ ርቀት ሄዷል፤ የግል ክሊኒኩን ደጅ ግን ገና በቅጡ አላንኳኳም።

እስከዚያው የክሊኒክ ባለቤቶች ማንንም ሳይጠብቁ የሚያደርጉት አለ። የሐኪሞቻችሁን ክፍያ ከሚያዝዙት ምርመራ ለዩ፤ ታካሚ ለላከ ኮሚሽን አትስጡ፤ ከላካችሁም አትቀበሉ፤ ዋጋችሁን በግልጽ በግድግዳ ላይ ለጥፉ።