ከዕዳ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ

አሜሪካ ውስጥ ዕዳ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ባንክራፕሲ የገባ ሰው፣ ፍርድ ቤቱ ዕዳውን ሰርዞለት ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ የክሬዲት ካርድ ግብዣ በፖስታ ይደርሰው ይጀምራል። ደብዳቤው ያባብላል። ያለፈው እንዳለፈ፣ ከብዙዎች መካከል እንደተመረጠ፣ ክሬዲቱን እንደገና የሚገነባበት ዕድል እንደተከፈተለት ይነግረዋል። የሕግ ምሁሯ ካትሪን ፖርተር ከባንክራፕሲ የወጡ ቤተሰቦችን ተከታትለው ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ግብዣ ለእነዚህ ሰዎች በብዛት እንደሚጎርፍ አሳይተዋል። የአበዳሪዎቹን ስሌት ለመረዳት አይከብድም። ሰውየው የድሮ ዕዳ የለበትም፤ ቻፕተር 7 በሚባለው የባንክራፕሲ ሕግ ክፍል ዕዳው የተሰረዘለት ሰው ደግሞ በዚያው መንገድ እንደገና ዕዳ ለማሰረዝ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ 8 ዓመት መጠበቅ አለበት። አዲስ ዕዳ ቢገባ በቀላሉ አያመልጥም ማለት ነው።

ይህን ካርድ ልቀበል ወይስ ልተው የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሂሳብ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል። የክሬዲት ስኮሬን ስንት ነጥብ ያነሣልኛል? ወለዱ ስንት ነው? ዓመታዊ ክፍያስ አለው? እነዚህ ሁሉ መጠየቅ አለባቸው። ከእነሱ የሚቀድም ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ አበዳሪ የሚጠቀመው እኔ ቃሌን ስጠብቅ ነው ወይስ ሳፈርስ? ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፣ ለአማኝ ደግሞ የሃይማኖት ጥያቄ ነው። መልሱ ካልታወቀ የተቀረው ሂሳብ ሁሉ መሠረት የለውም ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስኮር የሚባለው ቁጥር ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራ ላይ የዋለው የፊኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። 35 በመቶው ሰው ክፍያውን በጊዜው መክፈል አለመክፈሉን፣ 30 በመቶው ምን ያህል ዕዳ እንዳለበትና ከተፈቀደለት ውስጥ ምን ያህሉን እንደተጠቀመ ይመለከታል። የቀረው የብድር ታሪኩ ርዝመት፣ አዲስ የጠየቃቸው ብድሮችና የብድሮቹ ዓይነት ነው። ሰውየው እናቱን መጦሩን፣ ታሞ መክረሙን፣ ከሥራ መባረሩን ቁጥሩ አያውቅም። ሊያውቅም አልተሠራም፤ የተሠራው አበዳሪ ገንዘቡን የማጣት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ነው። ዕዳን መዝግቦ መያዝ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍርና ምስክር እንዲቆምለት የሚያዝ ነው። መዝገብ ተበዳሪውንም ይጠብቃል። ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ከዳኛ ቦታ ሲቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ላይ የተደነገገው የሰባተኛው ዓመት ምሕረት ዕዳውን ራሱን ይተዋል፤ አበዳሪው ከወንድሙ አይጠይቅም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የብድር ሪፖርት ሕግ የሰባት ዓመት ወሰን አለው፤ ዘግይቶ የተከፈለ ሂሳብ ከ7 ዓመት በኋላ ከሪፖርቱ ይወጣል፣ ባንክራፕሲ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን በቻፕተር 7 ዕዳው ከተሰረዘ በኋላም መታሰቢያው ለዓመታት ይኖራል። ሰውየው በሕግ ነፃ ነው፣ በመዝገብ ግን ገና ተጠርጣሪ ነው። ዕዳው ይቅር ተብሎ ውድቀቱ የማይረሳበት ይህ ረጅም ጊዜ ነው ለደብዳቤው ጉልበት የሚሰጠው። ቤት ተከራይቶ፣ መኪና ገዝቶ፣ ሥራ ፈልጎ በየበሩ በዚያ መዝገብ ምክንያት የተመለሰ ሰው፣ “ተፈቅዶልዎታል” የሚል ወረቀት ሲያገኝ ካርድ ብቻ አይደለም የተሰጠው የሚመስለው። ይቅርታ የተደረገለት ይመስለዋል።

ይቅርታ ግን አልተደረገለትም። ይህን ለማየት የአንዳንዶቹን ካርዶች አሠራር መመርመር በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቁ ክፍያዎች ከተፈቀደው የብድር መጠን 25 በመቶ እንዳይበልጡ ገድቧል። ገደቡ መኖሩ መልካም ነው፤ ወደ ኋላ ስንመለከተው ግን ከእሱ በፊት ምን ይደረግ እንደነበር ይመሰክራል። ዛሬም ቢሆን 300 ዶላር የተፈቀደለት ሰው ገና ምንም ሳይገዛ 75 ዶላር ክፍያ ሊጫንበት ይችላል። የሚጠቀምበት 225 ዶላር ብቻ ነው፤ ከተፈቀደለት ውስጥ ሩቡ ስለተያዘ ደግሞ ያነሣልኛል ያለው ካርድ ስኮሩን ከመጀመሪያው ቀን ሊጫነው ይችላል። ወለዱ ለእንዲህ ያለው ተበዳሪ በዓመት 30 በመቶ አካባቢ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈለ የሚሄድ ሰው ለዓመታት ይከፍላል። አበዳሪው ይህን ሁሉ ሲያስቀምጥ ሰውየው እንደሚዘገይ አስቀድሞ ገምቶ፣ ለመዘግየቱ ዋጋ ቆርጦ ነው። አንድ ሰው አምንሃለሁ ሲል ብትከዳኝ እጎዳለሁ ማለቱ ነው። ክህደቱ የሚያተርፈው ከሆነ ግን አላመነም፣ ተጠባበቀ እንጂ። ስለዚህ መስፈርቱን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ትርፉ በውድቀቴ ላይ የቆመ ካርድ፣ ስኮር ቢያነሣም እንኳ መወሰድ የለበትም።

በዚሁ መስፈርት ስንመዝን ሌላ ዓይነት ካርድ ይገኛል፤ ሰው የራሱን ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ 200 ዶላር፣ ዲፖዚት አስይዞ ያንኑ ያህል የሚፈቀድለት ሴኪውርድ የሚባለው ካርድ። እዚህ ሰውየው ለራሱ ዋስ ይሆናል። ዓመታዊ ክፍያ የሌለውንና ለሦስቱም የክሬዲት ቢሮዎች፣ ለኢክዊፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ ሪፖርት የሚያደርገውን መርጦ ለስልክ ሂሳብ ብቻ ቢጠቀምበት፣ ሂሳቡ ሲመጣም ሙሉውን ቢከፍል ወለድ አይታሰብበትም። ሂሳቡ ከተላከበት ቀን እስከ መክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል። በዚህ አኳኋን የሚገባው ቃል የሚፈጸምበት ገንዘብ አስቀድሞ በእጁ ያለ ቃል ነው። ይህኛውም ካርድ ፍጹም ንጹሕ ነው አልልም፤ ሰውየው ሙሉውን ካልከፈለ ወለዱ ይቆጥራል፣ ባንኩም ከዚያ ያገኛል። ልዩነቱ ንግዱ በመውደቁ ላይ ብቻ የቆመ አለመሆኑና ውድቀቱ ቢመጣ እንኳ ጥልቀቱ የታወቀ መሆኑ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከሃይማኖት በኩል ይመጣል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ከፍቅር በቀር ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብን ይመክራል። የኒቂያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 በ17ኛው ቀኖናው ካህናት በወለድ እንዳያበድሩ ከልክሏል። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ መዝሙር 14ን ሲተረጉም አበዳሪውን ብቻ አልገሠጸም፤ ወደ ተበዳሪውም ዞሮ ያለህን ሽጥ እንጂ አትበደር፣ ድሃ ሆነህ ነፃ መሆን ይሻልሃል የሚል ምክር ሰጥቷል። እንግዲህ ከዕዳ ገና የወጣ ሰው ተመልሶ ካርድ ይዞ ሊቆም ይገባዋልን? የባስልዮስን ምክር በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፤ ምክንያቱን ግን ልብ እንበል። ባስልዮስ የሚፈራው፣ ሰው የሌለውን ገንዘብ የእርሱ አድርጎ ማየቱን፣ ነገ የሚመጣበትን ቀን እየፈራ መኖሩን ነው። ያለውን ብቻ የሚያወጣና በወሩ የሚዘጋ ሰው ያ ባርነት አልያዘውም። ካርዱ ገንዘብ ሆኖ ሳይሆን ምስክር ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ሰውየው ካርዱን የሚፈልገው ሊኖርበት ከሆነ ግን ባስልዮስ ልክ ነው፤ መቀበል የለበትም።

ለሙስሊሙ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጥያቄው ወለድ መክፈል ብቻ አይደለም፤ ወለድ የሚያስከፍል ውል መፈረሙ ራሱ ነው። መቀመጫው ባሕሬን የሆነው የእስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ አውጪ አዮፊ በወለድ እየተንከባለለ የሚሄድ የክሬዲት ካርድ ማውጣትን አይፈቅድም። በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩ አንዳንድ ዑለማዎች ሙሉውን በጊዜው ለሚከፍልና ለተቸገረ ሰው በሩን ከፍተዋል፤ ሌሎች ፊርማውን ራሱን ይከለክላሉ። ሁለተኛውን የያዘ ሰው ስኮር ለማንሣት ሲባል ኅሊናውን እንዲጥስ ሊገፋፋ አይገባም። የቤት ኪራዩን በሪፖርት አገልግሎት በኩል በማስመዝገብ ታሪክ የሚገነባበት መንገድ አለ። ይዘገያል፤ መዘግየቱ ግን ስለ እምነት የሚከፈል እውነተኛ ዋጋ ነው፣ ሊከበርም ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኑሮ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ አፓርታማ የሚፈልግ ሰው ስኮሩ ይታያል። በአብዛኞቹ ግዛቶች የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ እንኳ ከክሬዲት ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ እንደ ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ ያሉት ናቸው የከለከሉት። ለቸገረው ሰው ሰጪውን መምረጥ ቅንጦት አይሆንበትም ወይ? ችግሩ እውነት ነው፤ የሚያስገድደው ግን ታሪክ እንዲኖረን እንጂ ይህን ደብዳቤ እንድንፈርም አይደለም። ደብዳቤው የመጨረሻው ባቡር አይደለም፣ የመክፈያ ቀናቸው ተጠብቆ ያለፉ ወራት እየበዙ ሲሄዱ የተሻለው ይመጣል። በጭንቀት ተነሥቶ በአንድ ሳምንት ለብዙ ካርድ ማመልከት ግን እያንዳንዱ ማመልከቻ ሪፖርቱ ላይ ስለሚታይ ራሱ ይጎዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሰው ራሱን ያውቃልን? ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 7 የሚወደውን ትቶ የሚጠላውን ስለሚያደርግ ሰው ጽፏል፤ አርስቶትልም መልካሙን እያወቀ በፍላጎቱ ስለሚሸነፍ ሰው ብዙ ተመራምሯል። “ሙሉውን እከፍላለሁ” ብሎ የማይጀምር ማን አለ? ስለዚህ የቀድሞው ውድቀት ምክንያት በሐቀኝነት መታየት አለበት። በሕመም፣ በፍቺ፣ በሥራ ማጣት ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው የፈቃድ ድካም አልነበረበትም፤ ሁኔታው ከተስተካከለ በትንሽ ቃል መጀመር ይችላል። ራሱን ለማጽናናት፣ ለሠርግና ለድግስ፣ አገር ቤት ላሉት የሌለውን ለመላክ ካርድ ሲስብ የኖረ ሰው ግን በመጀመሪያ ያለ ካርድ ወጪውን ጽፎ መኖር ይልመድ። አገር ቤት መላክ በጎ ሥራ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ በሠላሳ በመቶ ወለድ የተላከ ምጽዋት ግን ሰጪውን ራሱን ምጽዋት ፈላጊ ያደርገዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሕጉ አንድ መጠጊያ ሰጥቶታል፤ የክሬዲት ቢሮዎቹ ስሙን ለግብዣ ላኪዎች እንዳይሰጡ ለ5 ዓመት ወይም ለዘለቄታው ማስከልከል ይችላል። ፈተናን ከደጅ ማስቀረት ከጾም ሥርዓት የተማርነው ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ሸክሙን በግለሰቡ ጫንቃ ላይ ብቻ መተው ልክ አይሆንም። ለዓመታት ዕቁብ ጥሎ አንድ ጊዜ እንኳ ያላስተጓጎለ፣ ዳኛውና ጸሐፊው በመታመኑ የሚምሉለት ሰው በክሬዲት ቢሮዎቹ ዘንድ ምንም ታሪክ የለውም። ዕቁብና የክሬዲት መዝገብ ሊገናኙ የማይችሉ ሆነው አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮው ሚሽን አሴት ፈንድ እንደ ዕቁብ ባለ ማኅበር ያለ ወለድ የሚከፈለውን ለክሬዲት ቢሮዎች እያስመዘገበ ይህን በተግባር አሳይቷል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና እድሮቻችን ለቀብርና ለሕንፃ ገንዘብ ማሰባሰብ ያውቁበታል። ለወደቀ አባላቸው የ200 ዶላር ዲፖዚት ያለ ወለድ ቢያበድሩ፣ እሱ ቢወድቅ የሚጎዳ፣ ቢቆም ደስ የሚለው አበዳሪ ያገኛል። ተመልሶ ቢወድቅስ የሚል ሥጋት ሊነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው የታወቀ ገንዘብ ነው፣ ኪሳራውንም ሁሉም ይካፈለዋል። ሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ ላይ ለተቸገረ ተበዳሪ እስኪደላው ጊዜ ይሰጠው ይላልና ቀነ ገደቡ ጥብቅ ባይሆን ምንም አይደለም። ከአንድ እድር ተቀማጭ 1,000 ዶላር ለዚህ ቢለይ ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ካርዱ ወደ መደበኛ ተቀይሮ ዲፖዚቱ የተመለሰለት ገንዘቡን ለተረኛው ያስረክባል።