እንቅብ ሳይሆን ጥላ

የዛሬው ንባባችን ዘጸአት ምዕራፍ 31፣ ከቁጥር 1 እስከ 5 ነው። ማቴዎስ 5፥15ንም ጣታችሁን አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ከቤቴ ልጀምር። እናቴ ከደሴ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የሲያትልን ታኅሣሥ ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን አቆጣጠር ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። የቀኑ ብርሃን ተደምሮ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እሱንም ደመናው ካልወሰደው። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ እማዬን ሳሎን ውስጥ በጨለማ ተቀምጣ አገኘኋት። መጽሐፍ ቅዱሷ ጭኗ ላይ ተዘግቷል።

«እማዬ፣ ምነው መብራት አላበራሽም?»

«ልጄ፣ መብራታችሁ ይወጋል። ዓይኔን ከሚያመኝ ጨለማው ይሻለኛል» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከጣሪያው ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል ነው። ስንት ዓመት ከሥሩ ስበላ ኖሬያለሁ፣ አላስተዋልኩትም።

የ16 ዓመት ልጄን ጠራሁና «ለገና ለአያትህ አባጁር እንሥራላት» አልኩት። ልክ እንደ ሰማ ወረቀት አውጥቶ ሣለ። አሥራ ሁለት ፊት ያለው፣ እያንዳንዱ ፊት ባለ አምስት ማዕዘን የሆነ ቅርጽ ነው። አንዱን ፊት ለአምፖሉ መግቢያ ክፍት ስንተወው 11 ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ አምስት ቀጭን እንጨት፣ በድምሩ 55። እንጨቱን እዚህ አገር ሴዳር ከሚሉት፣ ቀላ ካለውና ሽታው ደስ ከሚለው ወሰድን። አምፖሉ ኤል ኢ ዲ ይሁን አልን። የድሮው አምፖል አብዛኛውን ኃይሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከእንጨት ጋር አይስማማም።

ልጄ «አባ፣ ፊቶቹ የሚጋጠሙበት ጠርዝ በ31 ነጥብ 7 ዲግሪ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። እኔ «30 አድርገው፣ ያው ነው» አልኩ። ደግሞ ተናገረ። «እኔ አንተ ሳትወለድ መጋዝ ይዣለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለ። ቆረጥኩ።

ወገኖቼ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊቶች ኮላ ተቀብተው ሲጣበቁ ምንም አይታወቅም። ሦስተኛው ሲመጣ ትንሽ ክፍተት ታያላችሁ፤ በጣታችሁ ተጭናችሁ ታልፉታላችሁ። እየተጠጋ ሲመጣ ግን የእያንዳንዱ ጠርዝ ስሕተት አንድ ላይ ይቆማል። የመጨረሻው ፊት አልገባም አለ። ብገፋው ሌላው ተሰነጠቀ። ልጄ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። «አላልኩህም?» አላለኝም። እሱን ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሌሊት ዘጸአት 31ን ከፈትኩ። እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ሰው ማን ነው? ነቢይ አይደለም፣ ካህንም አይደለም። የእጅ ባለሙያ ነው፤ እንጨት የሚጠርብ፣ ወርቅና ናስ የሚሠራ። የመቅደሱን መቅረዝ ከአንድ መክሊት ንጹሕ ወርቅ የሠራው እሱ ነው፤ በዛሬ ሚዛን ወደ 34 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስሙ ባስልኤል ይባላል። በዕብራይስጥ «በእግዚአብሔር ጥላ» ማለት ነው። አባቱስ? ኡሪ፣ «ብርሃኔ»። አያችሁ? መብራቱን እንዲሠራ የተጠራው የብርሃን ልጅ ራሱ በጥላ ሥር የሚኖር ሰው ነበር።

አሁን ወደ ማቴዎስ። አንዳንዶቻችሁ «ጌታ መብራትን አትሸፍኑ ብሎ የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። እንቅብ ግን ሌላ ነው። እንቅብ መብራቱ ላይ ሲደፋ ቤቱ ይጨልማል። አባጁር ሲደረግ ያው ብርሃን ቤት ውስጥ ላለው ሰው የሚቻል ይሆናል። ጌታችን የዓለም ብርሃን ሆኖ ሳለ፣ በዮሐንስ 16፥12 ለደቀ መዛሙርቱ ገና ብዙ የሚነግራቸው እንዳለው፣ አሁን ግን ሊሸከሙት እንደማይችሉ ነገራቸው። የሚችሉትን መዘነላቸው እንጂ እውነቱን አልቀነሰባቸውም።

እኔ ቤቴ ውስጥ ራቁት አምፖል ነበርኩ። ለልጄ የነገርኩት አብዛኛው እውነት ነው። ጸልይ፣ ተማር፣ ጓደኛህን ምረጥ፤ የትኛው ሐሰት ነው? ግን ይወጋል። ስለዚህ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ፤ እኔም «ብርሃን ጠልቶ ነው» እያልኩ ለሽማግሌዎች አማረርኩ። እማዬ ብርሃን ጠልታ ነበር ጨለማ የተቀመጠችው?

ጠዋት በሩን አንኳኳሁ። (ሳላንኳኳ ነበር የምገባው።) «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። በዲግሪውም፣ በጩኸቱም። ይቅር በለኝ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። ከዚያ ተነስቶ ጫማውን አደረገና «እንጨት አነሰን፣ እንግዛ» አለ።

55ቱንም እንደገና ቆረጥን። መጋዙን እሱ ለካ፣ እኔ ያዝኩለት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ ከውስጥ ስስ ነጭ ወረቀት ለጠፍን። የገና ዕለት እማዬ አበራችው። ግድግዳው ላይ አምስት ማዕዘን ጥላ ተዘረጋ። «ይሄማ እንደ ኩራዝ ለስላሳ ነው» አለችና መነጽሯን ፈለገች። ልጄ ሄዶ አመጣላት፤ አጠገቧም ተቀመጠ። አማርኛ ማንበብ ስለሚከብደው እሷ ጮክ ብላ አነበበችለት።

አሁን ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ፣ ባለቤታችሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከሆነ፣ መዝሙሩ ሳይጀመር ተነሱና አጠገባቸው ሄዳችሁ ቁሙ። የምትናገሩት ከሌለ ዝም ብላችሁ ቁሙ። እንጸልይ።