ከሃያው ሰባተኛው

አንድ የኅትመት ሠዓሊ የግል ዐውደ ርእይ ከፍቶ ሳለ፣ ከግድግዳው ሥራዎች አንዱ በዚያው ሳምንት ሌላ ከተማ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባዘጋጀው ትንሽ ትርኢት ላይም ተሰቅሎ ሊገኝ ይችላል። በቀለም ቅብ ይህ አይሆንም፤ ሸራው እዚህ ካለ እዚያ የለም። ታዲያ ሥራው ያለው የት ነው?

«ሥዕሉ የተቀረጸበት ጣውላ ላይ» ይባል ይሆናል። ጣውላውን ቀርቦ ያየው ግን ያውቃል፦ ቀለም የጠጣ ጥቁር እንጨት ነው፤ ግራው ቀኝ ሆኗል፣ ፊደል ካለበትም ተገልብጦ ተቀርጿል። «እሱን ስቀሉልን» የሚል ተመልካች አልገጠመኝም።

«ኅትመት» ከማኅተም ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ለእኔ ነገሩ ትንሽ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው። ንጉሥ አሥር ደብዳቤ ጽፎ አሥሩንም ቢያትም፣ ዋናው ማኅተም የትኛው ላይ እንዳረፈ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም የሚታመነው ከሌሎቹ ጋር በመመሳሰሉ ነው። ቅጂ ለመባል አስቀድሞ ዋና መኖር አለበት፤ እዚህ ዋናው ራሱ ብዙ ነው።

ማኅተም ግን መለያየቱ ነውር ነው፤ ኅትመት ይለያያል። ሠዓሊው ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1653 «ሦስቱ መስቀሎች»ን መዳብ ላይ በመርፌ ጫረ። በኋላ ያንኑ መዳብ እንደገና ይዞ ከሰዎቹ ብዙዎቹን ፍቆ፣ ሰማዩን በጨለማ ሞላው። ሳይነካው ቢተወውም መዳቡ ራሱ አይጸናም ነበር፦ ከጭረቱ ዳር ቀና ብሎ ቀለም የሚይዘው የመዳብ ጥርስ በማተሚያው ሥር ባለፈ ቁጥር ይደፈጠጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ላይ ከፋይ የመሰለው ጥቁር ኋላ ይሳሳል።

ከኅትመቱ ግርጌ በእርሳስ የሚጻፈው 7/20፣ ከሃያ አልፎ ላለማተም የተገባ ቃል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ የገበያ ዘዴ ይመስለኛል።

የእንጨት ኅትመት ቢቸግር ያለ ማተሚያ፣ በማንኪያ ጀርባ ተፈትጎም ይወጣል። ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከእሱ የተማረው ይህንኑ የእንጨት ሥራ ነበር። የእንጨት ኅትመት ዋጋውም ስለማይከብድ የትንሽ ትርኢት ገዢ ብዙ ጊዜ እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ ነው።

ከዓመታት በፊት ሦስት ወጣቶች ካዘጋጁት ትርኢት ጀበና የያዘች ሴት ገዝቼ ነበር፤ 7/20። ሳሎኔ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የማውቀው ሰው ቤት ቡና ተጠርቼ ስገባ ከሶፋው በላይ ቁጭ ብላለች፤ 15/20። የተሰረቅሁ ያህል ደነገጥኩ። ቀረብ ብዬ አየኋት። የእኔዋ ላይ፣ ከጀበናው አንገት በላይ፣ የእንጨቱ ጅማት በጥቁሩ መሃል ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል፤ የእሱዋ ላይ ቀለሙ ወፍሮ ደፍኖታል።

«እኔም ጋ አለች» አልኩት።

ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ወስዶ አየና፣ ለእኔ አዝኖ፣ «ያንተዋ ቀለም አንሷታል» አለኝ።