ለአራዊት ስለ መራራትና ስለ ባልንጀራ እህል

እግዚአብሔር አምላክ ሰውን በመልኩ ከፈጠረ በኋላ በምድር አራዊት ላይ ሥልጣን እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ እናገኛለን። ይህ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው? ዝንጀሮ እሸቱን ለፈጀበት፥ ጅብ አህያውን ለበላበት ገበሬ አውሬውን መግደል የተፈቀደ ነውን? ወይስ ፍጥረቱን ሁሉ የሚመግብ እግዚአብሔር ነውና ታግሦ መኖር ይገባዋል? ይህ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም፤ በገጠር ያለ የንስሓ አባት ሁሉ ሊጠየቀው የሚችል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የገበሬውን ድካም ማሰብ ይገባል። በደጋው ገብስ፥ በቆላውም ማሽላ ማሸት በጀመረ ጊዜ ዝንጀሮ በቀን ይመጣል፤ ጃርትና ከርከሮ ደግሞ በሌሊት። ልጅ ወንጭፍ ይዞ በማማ ላይ ይውላል፤ ትምህርቱም በዚያ ወራት ይቀርበታል። ጠባቂ ልጅ የሌላት መበለት ግን አንድ ቀን ታማ የተኛች እንደ ሆነ የዓመት ቀለብዋን መንጋው ይጨርሰዋል። እንግዲህ ጎተራው የሞላለት ሰው እንዲህ ያለችውን ሴት ለአራዊት ራሪ ብሎ ቢመክራት፥ ምክሩ እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ ግን ጎደሎ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ድካም አይዘነጋውም። ዳዊት በጎቹን ከአንበሳና ከድብ አፍ ያዳነው አውሬዎቹን መትቶ ነው፤ ይህም እንደ በደል አልተቈጠረበትም። እስራኤል ወደ ርስታቸው ሲገቡ ምድሪቱ ባድማ ሆና የዱር አራዊት እንዳይበዙባቸው እግዚአብሔር አስቀድሞ እንዳሰበላቸው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 ተነግሯል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር ይኖሩ እንደ ነበር በገድላቸው እናነባለን። የቅዱሱ ሕይወት የፍጥረትን የመጀመሪያ ሰላም ያሳየናል፤ ዳሩ ግን ጻድቁ የሚጠብቁት ማሳ፥ የሚመግቧቸው ልጆችም አልነበሯቸውምና ከገበሬው ያንኑ መጠየቅ ሸክሙን ሳያዩ መፍረድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የሚመለስ ነገር አለ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የጥንቱ ደን በእርሻ ብዛት ሲመናመን የተረፈው በአብዛኛው በአድባራትና በገዳማት ዙሪያ ያለው ነው። ወፉም ጦጣውም ተጠግቶ የሚኖረው በዚሁ ነው። ይህን አባቶቻችን ጠብቀው ስላቈዩልን ልናመሰግን ይገባናል። ነገር ግን ጦጣው በእኛ ዛፍ አድሮ ከጎረቤት ማሳ ይበላል። ምሕረቱ በእኛ ስም ይጠራል፤ ዕዳውን ግን ጎረቤት ይከፍላል። ከሌላ ሰው መሶብ አንሥቶ የሚመጸውት ሰው መጽዋች እንደማይባል የታወቀ ነው። ስለዚህ ደኑን የሚያስከብር ደብር በእሸት ወራት ከገበሬዎቹ ጋር ተራ ገብቶ መጠበቅ አለበት፤ የሰበካው ጉባኤም አዝመራዋን ላጣችው መበለት እህል ቢያዋጣ ዕዳውን ከፈለ እንጂ ቸርነት አደረገ አይባልም።

መከላከልና ማጥፋት ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ማሳ ውስጥ የተገኘውን ከርከሮ የገደለ ገበሬ እህሉን ጠበቀ። በሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ በሜዳ የሚጥል ሰው ግን ማን እንደሚበላው አያውቅም፤ በጅቡ ፈንታ የጎረቤት ውሻና ጥንብ አንሣ ይሞታሉ። ዘሩን ለማጥፋት መነሣትም ትዕቢት ነው። የቻይና መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ድንቢጥ እህል ትበላለች ብሎ ሕዝቡን በዘመቻ አስነሣ። ድንቢጦቹ ባለቁ ጊዜ እነርሱ ይበሏቸው የነበሩት ተባዮች በዝተው አዝመራውን ፈጁ፤ በ1960 ዓ.ም. ድንቢጥ ከሚጠፉት ዝርዝር ተሰረዘች። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል፤ ለመውሰድ ፈቃድ አለ፥ ምንጩን ለማድረቅ ግን የለም።

ስለ ጅብ ያለን አስተያየት በተለይ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። በመቀሌ ዙሪያ የተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጅቦች በየዓመቱ 207 ቶን ያህል ጥንብ እንደሚያነሡ፥ በዚህም አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ከሰውም ከከብትም እንደሚያርቁ ገምቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነገር ያሳያል። በትግራይ በዐቢይ ጾም ሕዝበ ክርስቲያኑ ከሥጋ ሲከለከል ጅቡ ከቄራና ከየቤቱ ያገኘው የነበረው አጥንትና ትራፊ ይቋረጥበታል፤ በዚያም ወራት ከምግቡ የአህያ ድርሻ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይቀንሳል። እንግዲያስ አውሬው የሚከፋበት ወራት በቀን መቍጠሪያችን ላይ የተጻፈ ነው። ካህኑ የጾሙን መግባት ለምእመናን በሚያስታውቅበት ቀን አህዮች ሌሊት በሜዳ እንዳያድሩ፥ የበረቱም አጥር በእሾህ እንዲጠበቅ ቢያሳስብ ለመናገር የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ድኻውም አህያው ይተርፍለታል።