ከኋላ ለሚመጣው

ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ጉራጌ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ያደርሳል፤ ሌላው መልካ ቁንጡሬንና ጢያን አልፎ ቡታጅራ ይገባል። መስከረም 17 ሲቃረብ ሁለቱም በመኪና ይሞላሉ፤ ለአረፋም እንዲሁ ነው። በመስከረም ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም። ሌሊት ተነሥቶ የሚጓዝ ሰው፣ ይልቁንም ከወልቂጤ ወዲያ ወደ እዣና ጉመር ደጋ የሚወጣ፣ ጉም ይውጠዋል። ከፊቱ ሲሄድ የነበረው መኪና የት እንደገባ አይታወቅም።

ለዚህ ሰዓት የተሠራ የኋላ የጉም መብራት አለ። ቀይ ነው። በተለመደው አምፖል ተራው የኋላ መብራት 5 ዋት ሲሆን ይህኛው 21 ዋት ነው፤ ከፍሬን መብራት እኩል መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 38 የቋሚ ብርሃኑን ጉልበት ከ150 እስከ 300 ካንዴላ ወስኖታል።

መብራቱ ለባለቤቱ አንዲት ስንዝር መንገድ አያሳየውም። የሚበራው ከኋላ ለሚመጣ፣ ስሙም መልኩም ለማይታወቅ ሰው ነው። የፍሬን መብራትም ለኋለኛው ነው፤ እርሱ ግን እግር ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ሳይጠሩት ይበራል። የጉሙን መብራት የሚያበራው ሰው አስቦበት ነው። እርግጥ ከኋላ ላለመገጨትም ነው፤ በጎ ሥራ ሁሉ ከራስ ጥቅም የጸዳ ይሁን ያለ የለም።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ዋና ሥራው፣ ግዴታችን የሚጀምረው ከሌላው ሰው ፊት እንደሆነ ተከራክሯል። ጉም ውስጥ ግን ፊት የለም። ታዲያ ለማይታይ ሰው ዕዳ አለብን? ጉራጌ ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልሶ ያውቃል፦ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የከተመው ነጋዴና የጉልበት ሠራተኛ ገንዘብ አዋጥቶ የአገር ቤቱን መንገዶች ሲያሠራ፣ በዚያ መንገድ የሚሄዱትን አብዛኞቹን አያውቃቸውም ነበር።

መብራቱን ማስገጠም ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም፤ ልኩን ማወቅ ግን ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የመብራት አገጣጠም ደንብ፣ መብራቱ አንድ ብቻ ከሆነና አገሩ እንደ ኢትዮጵያ ቀኙን ይዞ የሚነዳ ከሆነ (እኛ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ነው)፣ በመኪናው መሀል ላይ ወይም ከመሀሉ ወደ ግራ እንዲገጠም ያዛል። ከፍሬን መብራቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የፊት መብራት ሳይበራ እንዳይበራ ሆኖ ገመዱ ይያያዛል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክት ይኖረዋል። ደንቡ ካስቀመጣቸው አማራጮች አንዱ ደግሞ የመኪናው መብራት ሲጠፋ እርሱም አብሮ ጠፍቶ፣ ሰው ሆን ብሎ ዳግም ካላበራው በቀር ጠፍቶ እንዲቀር ነው። ደንብ አውጪዎቹ የሰው ልጅን ዝንጉነት ከሰባኪ ባልተናነሰ የተረዱ ይመስላል።

ጉሙ ሲገፈፍ ነገሩ ይገለበጣል። በጠራ ሌሊት ያው መብራት የኋለኛውን ዓይን ይወጋል፤ ፍሬን ሲያዝም ከፍሬን መብራቱ ጋር ተቀላቅሎ ልዩነቱን ያጠፋል። እንግሊዞች ከ100 ሜትር በላይ ማየት ከተቻለ አጥፉት ይላሉ። ጀርመኖች ይብሳሉ፤ እይታ ከ50 ሜትር በታች ካልሆነ ማብራት አይፈቅዱም።

የእኛ አገር ረዳት ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። አይሱዙው ወይም ሲኖትራኩ ዳገት ላይ ሲበላሽ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ያደርጋል፤ ራቅ ብሎም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አስፋልቱ ላይ ይጥላል፣ ድንጋይ ይደረድራል። ከኋላ ለሚመጣው ከዚህ የተሻለ ምሕረት የለም። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው ያድራል፤ ማታ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይጠብቃል።

ኦሪት ዘጸአት ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት እንዲከፍል ያዛል። ጉድጓድ መቆፈር ጥፋት አይደለም፤ ክፉው ከፍቶ መሄዱ ነው። በእስልምና ደግሞ ከእምነት ቅርንጫፎች ዝቅተኛው ጎጂ ነገርን ከመንገድ ላይ ማንሣት እንደሆነ ሐዲስ ያስተምራል፤ ማን አስቀመጠው ብሎ አይጠይቅም። ወልቂጤም ቡታጅራም ውስጥ የሁለቱ መጻሕፍት ሰዎች ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። አንደኛው ትምህርት ባለቤቱን ይከተላል፣ ሌላኛው አላፊ አግዳሚውን ያሸክማል፤ ለድንጋዩ ሁለቱም ይሠራሉ። ለመብራቱ ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሌላ ሰው መኪና ላይ የበራን መብራት ከኋላ የሚከተል ሰው ወርዶ ሊያጠፋው አይችልም።

አብርቶ የረሳው ሹፌር ክፉ አላሰበም። የኦርቶዶክስ ምእመን ግን በማወቅ ብቻ ሳይሆን ባለማወቅም ለሠራው ይቅርታ ይለምናል፤ ሐሳቡ ንጹሕ የሆነ ሰውም ጉዳት ያደርሳልና ልመናው ያለ ምክንያት አይደለም። መብራቱ እንደበራ አለማወቅ አንድ ነገር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቢጫ ምልክት በየቀኑ እያዩ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አለመፈለግ ሌላ ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ባለማወቅ ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጉዳዩ አሁን የጥቂቶች አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ቻይና ደግሞ ይህን መብራት በሕግ ታስገድዳለች። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ተገጥሞ መጥቶለታል። ዓይኑ የተወጋው ኋለኛ ለፊተኛው ለመንገር ያለው ቋንቋ ደግሞ የፊት መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረግ ነው። ፊተኛው ይህን አንዳንዴ እንደ ልለፍ ጥያቄ፣ አንዳንዴ እንደ ስድብ ይወስደዋል፤ እልኸኛው ነዳጅ ይጨምራል። አንዳንዱ ኋለኛ ታግሦ ወሊሶ ቁርስ ላይ እስኪገናኙ ይጠብቅና «ወንድሜ፣ የኋላው መብራትህ በርቷል፤ ዓይናችንን ፈጀኸው» ይለዋል።